የጥፍር ቀለም የተቀቡ ብሎኖች

ዕቃ ሊያሠራ የሚመጣ ሰው ሁሉ ጠርጣራ ነው። ሬዲዮኑን አስረክቦ ከወጣ በኋላ «አንድ ነገር ረሳሁ» ብሎ የሚመለሰው ሰውዬ የረሳው ነገር የለም፤ ምን እንደማደርግ ሊያይ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ጥገና ቤት ስሠራ ይህን ለምጄዋለሁ። የጠርጣሮች ሁሉ ሊቀ መንበር የሆኑትን ጋሼን ግን እስካሁን አልለመድኳቸውም።

የጋሼ ንብረት ሲያዩት ክላርኔት ይመስላል፤ ግን በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ውስጡ ትንፋሽ የምትለካ የምስር ፍሬ የምታህል ዕቃ አለች። ሲነፉበት እሷ ትለካና በገመድ ወደ አንድ ሳጥን ትልካለች፤ ድምፁ የሚወጣው ከሳጥኑ ነው። ቀስ ሲሉ ያንሾካሹካል፣ ጠንከር ሲሉ ያገሳል። ከተሠራ አርባ ዓመት አልፎታል፣ ፋብሪካው ተዘግቷል፣ መለዋወጫ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ክቡርነታቸው የዓለም ሕዝብ በሙሉ ለዚያች ምስር እንዳደባ ነው የሚያምኑት።

ብሎኖቹን በሙሉ የባለቤታቸውን የጥፍር ቀለም ቀብተዋቸዋል። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሮዝ፣ አንዱ ወይን ጠጅ፤ ተራው በማስታወሻ ደብተር ተጽፏል። እሳቸው በሌሉበት ብፈታው ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ እሳቸው በአጉሊ መነጽር ያዩታል፣ እኔም አለቀልኝ። ስሠራ አጠገቤ ዱካ ላይ ይቀመጡና «አልጠረጠርኩህም፤ እያየሁህ ብቻ ነው» ይላሉ። አንድ ቀን ሳስነጥስ መዳፌን አስከፍተው አዩ። ሌላ ቀን መብራት ሲጠፋ ሁለቱንም እጄን ያዙና እስኪመጣ ድረስ አልለቀቁኝም። ሃያ ደቂቃ ያህል ሊጋቡ እንደተሰለፉ ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘን ተቀመጥን።

ለባለቤታቸው ስልክ ደውዬ ስሞታ ባቀርብ፣ «አትቀየመው ልጄ» አሉኝ። «እኔም ጥፍሬን ስቀባ ከጠርሙሱ ስንት እንደቀነስኩ ያያል።»

ባለፈው ወር ፊታቸው ጠቁሮ መጡ።

«ለውጠህብኛል» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ድምፁ ሞቷል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ በየቅዳሜው በጡረተኞች ክበብ ከሦስት ጓደኞቻቸው ጋር ይጫወታሉ። ጓደኞቻቸው «ድምፅህ አይሰማም» ብለው እስከ ቅዳሜ ጊዜ ሰጥተዋቸዋል፤ ካልተስተካከለ ቦታው ለአንድ ኦርጋን ተጫዋች ይሰጣል።

«እኔ ምንም አልሆንኩም፤ ዕቃው ነው» አሉ። «ዕቃው ደግሞ ካንተ በቀር የማንም እጅ አልነካውም።»

ዓይናቸው እያየ ፈታሁት። ምስሯ ቦታዋ ላይ ናት። ለካኋት፣ ደህና ናት። አፉን ጠርጌ ራሴ ነፋሁት፤ መደርደሪያው ላይ ያሉት ቆርቆሮዎች ተንቀጠቀጡ። ከዚያ እሳቸው ነፉ። ገና ያልሞቀ ማንቆርቆሪያ የሚያወጣውን ድምፅ አወጣ። ደገሙት፤ መሃል ላይ አቁመው የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዙ። ተያየን። የተበላሸውን አውቄ መናገር ያቃተኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ዕቃው ደህና ነው። ሐኪም ቢያዩ ምን ይመስልዎታል?»

«ሐኪም ደግሞ ምን ሊወስድብኝ ነው?» አሉና ሳል ጀመራቸው። አየር ሊወስዱ ወደ በሩ ወጡ። በዕድሜያቸው ጀርባቸውን ሲሰጡኝ የመጀመሪያቸው ነበር። እኔም ታማኝነቴን እዚያው ጣልኩት፤ ስንት ትንፋሽ እንደሚበቃው የምትወስነውን ትንሿን የውስጥ ብሎን ሩብ ዙር አዞርኳት። ተመልሰው ሲነፉ አገሳ።

«አላልኩህም? ዕቃው ነበር» አሉ። ገጥሜ ስጨርስ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ቀብተው ሄዱ።

ቅዳሜ ክበቡ በር ላይ ቆሜ ሰማኋቸው። ጥሩ ተጫወቱ፤ ኦርጋኑም አልመጣም። ደስ አለኝ።

ሰኞ ጠዋት አጉሊ መነጽራቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። ለካ የውስጧንም ብሎን ድሮውኑ በማትታይ ነጠብጣብ ቀብተዋት ኖሯል።

«ተሰንጥቋል» አሉ። «ቤት ከፍቼ አየሁት።»

ስድቡን ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ዱካው ላይ ተቀመጡ።

«ከዚህ በኋላስ ስንት ጊዜ ልታዞርልኝ ትችላለህ?»

«አንድ ሩብ ዙር ቀርቷታል ጋሼ። ከዚያ ወዲያ መሄጃ የላትም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ዕቃውን ከነሻንጣው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

«ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ። ይዤው ብገባ ውጭ አስቀምጥ ይሉኛል፤ እነሱን ደግሞ አላምናቸውም። እዚህ ይቆይልኝ።»

ደብተራቸውን ሳያወጡ፣ ብሎን ሳይቆጥሩ፣ ረሳሁ ብለው ሳይመለሱ ሄዱ።

ይህን የምጽፈው እየጠበቅኳቸው ነው። ምሳዬን አልበላሁም። ክቡርነታቸውን እንደዚህ እንደምወዳቸው ማን ያውቅ ነበር? በሩ በተከፈተ ቁጥር እሳቸው እየመሰሉኝ ብድግ እላለሁ። አሁን ደግሞ አንድ ደንበኛ የኤሌክትሪክ ምጣዱን ሊያሠራ ገባና ወደ ሻንጣው ጠጋ አለ። ክንዴን ሻንጣው ላይ አሳረፍኩ።

«ምነው ወንድሜ፣ ጠረጠርከኝ እንዴ?» አለኝ።

«አልጠረጠርኩህም» አልኩት፤ «እያየሁህ ብቻ ነው።»