ጋሼ ታድጊበታለሽ እና የባሕሩ ሰደሪያ

በየቤተሰቡ አንድ «ታድጊበታለሽ» ባይ አይጠፋም። ጫማ ሲገዛ ሁለት ቁጥር አስበልጦ፣ ካፖርት ሲያሰፋ እስከ ተረከዝ አስረዝሞ፣ የዛሬዋን ልጅ በነገዋ ልጅ ልብስ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው።

ክቡር ጋሼ የዚህ ወገን አውራ ነበሩ። አርባ ዓመት በስፌት መኪና ላይ አጎንብሰው፣ የመለኪያቸውን ሜትር እንደ ኒሻን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ኖረዋል። ያሳደጓት የእኅታቸው ልጅ ትምህርት ቤት የገባችው እጅጌው ሦስት ጊዜ በተጠቀለለ ሹራብ ነው፤ ስትመረቅም ካባዋ ከኋላዋ ደረጃውን ይጠርግ ነበር። ሲለኳት ታዲያ ያንጎራጉራሉ፦

«እጅጌው ይርዘም፣ ትከሻው ይስፋ፣
ልጅ መቼ ያድጋል ልብሱ ሳይሰፋ።»

ያቺ ልጅ ዛሬ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የሂሳብ መምህር ናት። ወራት ሙሉ በገንዳ ተለማምዳ፣ ነገ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ውስጥ ልትጠልቅ ነው። አሠልጣኟ ግን «ሰደሪያው ልኩ ያልሆነ ሰው ጀልባዬ ላይ አይወጣም» ብሏል። የጠላቂ ሰደሪያ የዋዛ ልብስ አይደለማ፤ አየር ሲሞሉት ያንሳፍፋል፣ ሲያስተነፍሱት ያሰምጣል። ሰደሪያውን ሊገዙ አብረው የገቡበት የጠላቂዎች ዕቃ መሸጫ ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ጋሼ ገና ስፌት ይቆጥራሉ።

ሰባተኛውን ሰደሪያ ገልብጠው አዩት። «ይቺን ማን ሰፋት? ሲጣደፍ ነው።» ስምንተኛውን ነፍተው እንደ ሐኪም ጆሯቸውን ለጠፉበት። ዘጠነኛው ከሁሉ ትልቁ ነበር፤ ፊታቸው በራ።

«ይሄ ነው! ታድጊበታለሽ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ካሁን ወዲያ የማድገው ወደ ጎን ነው።»

«ወደ ጎንም ቢሆን ቦታ ይፈልጋል።»

ሻጯ ሳቋን አፈነች። «አባቴ፣ ይሄ እንደ ሌላ ልብስ አይደለም። እስኪ ያልብሷትና ይንፉት፤ ከዚያ ትከሻው ላይ ይዘው ወደ ላይ ይሳቡት።»

ሳቡት። ሰደሪያው ሽቅብ ወጥቶ መጀመሪያ አገጯን፣ ቀጥሎ ጆሮዎቿን ዋጠ። እንደ ኤሊ ዓይኖቿ ብቻ ቀሩ።

«ጋሼ» አለች ከውስጥ ሆና፣ «ነገ ከባሕር እንዲህ ሆኜ ልውጣ?»

ጋሼ አልሳቁም። የሰደሪያውን ትከሻ በሁለት እጃቸው ጨምድደው ያዙ፤ ልትሰምጥ ስትል የደረሱላት ይመስል። ያን ጊዜ ዋና እንደማይችሉ ትዝ አላት። ነገ ተከትለዋት አይገቡም፤ አብሯት የሚጠልቀው ይኸው ሰደሪያ ብቻ ነው።

ጋሼ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠበብ ያለውን ራሳቸው አነሡ። አለበሷት፣ ነፉት፣ ሳቡት። ከቦታው አልተነቃነቀም። ሁለት ጣታቸውን በትከሻዋ ማሰሪያ ሥር ሰደዱ።

«ትተነፍሺያለሽ?»

«እተነፍሳለሁ።»

«እስኪ እንድሰማ ጮክ ብለሽ ተንፍሺ።»

ተነፈሰች። ሱቁ ሊዘጋ አንድ ደቂቃ ሲቀረው «ይሁን» አሉ።

በማግስቱ ጀልባው ከዳር ብዙም ሳይርቅ ቆመ። ጠልቃ፣ ያንን ሰማያዊ ዝምታ አይታ ስትወጣ ሰደሪያዋን ነፋችና በጀርባዋ ተንሳፈፈች፤ ማዕበሉ እሹሩሩ ይላት ጀመር። ዳር ላይ አንድ ሽማግሌ፣ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ፣ ጫማቸውን ውሃ እንዳይነካው ተጠንቅቀው ቆመዋል።

«ጠበበሽ እንዴ?» ብለው ጮኹ።

«ልክ ነው፣ ጋሼ!»

ሜትሩን ከአንገታቸው አወረዱ፤ በጣታቸው ቀስ አድርገው ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት።

«እንግዲያማ አድገሻል!»