ለእንግዳ የተሠራችው ክፍል

(ጋሎን ቤይ፣ የጃማይካ ደቡብ ዳርቻ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ዓሣ አጥማጁ ኤግበርት ለእንግዳ ብሎ ባሠራት አዲስ ክፍል በረንዳ ላይ አንድ ወንበር ተሸክሞ ወዲህ ወዲያ ይላል። የክፍሏ ቀለም ገና ይሸታል። የአጎቱ ልጅ ሎሪስተን ደረጃው ላይ ተዘርፍጦ ሐብሐብ ይበላል። ሎሪስተን በዕድሜ ስለሚያንስ የአጎቱን ልጅ «ማስ ኤግበርት» እያለ ነው የሚጠራው፤ በዚያ አገር ታላቅ የሚከበረው እንዲህ ነው።)

ኤግበርት፦ ወደ ባሕሩ ይዙር!

ሎሪስተን፦ ወደ መንገዱ ይሻላል፣ ማስ ኤግበርት።

ኤግበርት፦ ሰው ይሄን ሁሉ ውቅያኖስ አቋርጦ መጥቶ መንገድ ሊያይ ነው?

ሎሪስተን፦ ባሕሩ እኮ የትም አይሄድም። መንገዱ ላይ ግን ሁልጊዜ የሆነ ነገር አለ። ትናንት ፍየል ያፈናጠጠ ሞተር ብስክሌት አለፈ።

ኤግበርት፦ ስማኝ ሎሪ። እኔ ብላክ ሪቨር ከተማ ድረስ ሄጄ የእንግዳ አቀባበል ስልጠና ወስጃለሁ። አንተ ምን ወስደሃል?

ሎሪስተን፦ ሐብሐቡን።

ኤግበርት፦ የቱን ሐብሐብ?

ሎሪስተን፦ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን።

ኤግበርት፦ አንተ! እሱ እኮ የእንግዳዋ ነው! አስቀምጥ!

ሎሪስተን፦ (ፍሬውን እየተፋ) የእሷን ግማሽ አልነካሁትም።

ኤግበርት፦ (ወንበሩን አውርዶ ላዩ ላይ ይቀመጣል) ነገሩ አልገባህም። ጠጋ በልና ላስረዳህ፤ ቀስ ብዬ ነው የማስረዳህ። ሚስቴ ቬሮና ወደ እህቷ ቤት ስትሄድ ምን አለችኝ?

ሎሪስተን፦ «ጀልባው ላይ ስታመሽ ሹራብ ልበስ።»

ኤግበርት፦ ከዚያ በኋላ!

ሎሪስተን፦ «ይህች ክፍል እስከ እሑድ ሰው ካላደረባት እናቴን አምጥቼ አስገባባታለሁ።»

ኤግበርት፦ ዛሬ ምንድን ነው?

ሎሪስተን፦ ቅዳሜ።

ኤግበርት፦ እናቷ ሚስ ድሩሲላ ባለፈው ለፋሲካ ብለው መጥተው እስከ መቼ ቆዩ?

ሎሪስተን፦ እስከ ገና።

ኤግበርት፦ ዓሣ ስበላ አጥንቱን ይቆጥሩብኛል። የጀልባዬን ቀለም አስቀየሩኝ። በገዛ ቤቴ ለማዛጋት ጓሮ እወጣ ነበር። አሁን ደግሞ የራሳቸው ክፍል ካገኙ በቃ፣ ሬሳዬን ነው ከዚህ የምታወጡት። ገባህ?

ሎሪስተን፦ ገባኝ። ከባድ ነው።

ኤግበርት፦ ስለዚህ ስልጠናውን የሰጠኝ ማኅበር እንግዳ ላከልኝ። ከካናዳ ነው የምትመጣው፤ ማርጎት ትባላለች። ክፍሉን ካየችና ከወደደችው አንድ ወር ትቀመጣለች። ካልወደደችው ደግሞ የመንደራችንን ደንብ ታውቀዋለህ፤ ደስ ባላት ቤት ታድራለች፣ ማንም አይቀየማትም።

ሎሪስተን፦ ማስ ኤግበርት፣ እንግዳ ካልክ አይቀር፣ ዛሬ ጠዋት አንዲት ሴትዮ...

ኤግበርት፦ ቆይ! የስልጠናው የመጀመሪያ ትምህርት ምንድን ነው? አስተናጋጅ ካልተጠየቀ አይናገርም። እንግዳ ዕረፍት ነው የሚፈልገው እንጂ ወሬ አይደለም።

ሎሪስተን፦ እሺ። ሴትዮዋ ግን...

ኤግበርት፦ ጠየቅሁህ?

ሎሪስተን፦ አልጠየቅከኝም።

ኤግበርት፦ ታዲያ?

(ሎሪስተን አፉን በሐብሐብ ይዘጋል። ኤግበርት ደስ ይለዋል። ሰው ሲማርለት እንደማየት የሚያስደስተው ነገር የለም።)

ኤግበርት፦ ጎበዝ። አሁን ወደ ሁለተኛው እንሂድ፤ ንጽሕና። ለምን ይመስልሃል ሳምንቱን ሙሉ የጀልባውን ገመድ ያልነካሁት?

ሎሪስተን፦ ወገብህን አሞህ ነው ብለን ነበር።

ኤግበርት፦ እጄ ዓሣ ዓሣ እንዳይሸት ነው! አሽትት እስቲ።

ሎሪስተን፦ (እጁን ያሸታል) የቬሮና ሳሙና።

ኤግበርት፦ እሱ ነው!

ሎሪስተን፦ መነጽርህንስ ምነው አወለቅክ?

ኤግበርት፦ እጀታውን በዓሣ ማጥመጃ ክር ነዋ ያሰርኩት! ክር አፍንጫዬ ላይ አንጠልጥዬ እንግዳ ልቀበል? ኪሴ ውስጥ ነው ያለው።

ሎሪስተን፦ ታዲያ በምን ታያታለህ?

ኤግበርት፦ ቱሪስት ዓይን አይፈልግም፣ ሎሪ፤ እውቀት ነው የሚፈልገው። ትልቅ ባርኔጣ፣ ጥቁር መነጽር፣ ጎማ ያለው ሻንጣ። ከታክሲ ይወርዳል። ወርዶ ዙሪያውን እያየ በረጅሙ ይተነፍሳል።

ሎሪስተን፦ በእግሩ በባሕሩ ዳር ቢመጣስ?

ኤግበርት፦ በእግሩ የሚመጣ ቱሪስት አይደለም። ጎረቤት ነው። (ድንገት ተነስቶ) ለመሆኑ የእራቱ ዓሣ የታለ? ከበረንዳው ሆኜ ጠዋት ሲያወርዱት አይቻለሁ፤ ክንድ የሚያህል ቀይ ዓሣ።

ሎሪስተን፦ ሰጠሁት።

ኤግበርት፦ ለማን?

ሎሪስተን፦ አሁን ጠየቅከኝ አይደል?

ኤግበርት፦ ጠየቅሁህ!

ሎሪስተን፦ ገመድ ለጎተተችው ሴትዮ።

ኤግበርት፦ የእንግዳዬን ዓሣ?!

ሎሪስተን፦ ጀልባው ከበደን፣ ማስ ኤግበርት። አንተ የለህም። ሴትዮዋ በባሕሩ ዳር ስትሄድ አየችንና ቦርሳዋን አሸዋው ላይ ጥላ ገመዱን ያዘች። ጀልባችንን የጎተተ ሁሉ ከተያዘው ይካፈላል። አባትህ ነው ያስተማረን።

ኤግበርት፦ ይካፈል! ትንሿን መስጠት አይቻልም?

ሎሪስተን፦ ከሁላችን በላይ ነው የጎተተችው። መዳፏ ተልጧል። ትንሿን ብሰጣት አባትህ ከመቃብር ይነሳብኝ ነበር።

ኤግበርት፦ ምን ዓይነት ሴትዮ ናት?

ሎሪስተን፦ ቀይ ናት። ፊቷ ላይ ጠቃጠቆ አለ።

ኤግበርት፦ በቃ፣ ከነሚስ ኢቮና ወገን ናት። ከላይ ከኮረብታው። እነሱ ሁሉም ባለጠቃጠቆ ናቸው፤ አያታቸው መርከቡ የሰመጠበት ስኮትላንዳዊ ነበር። ነጻ ዓሣ ሲሸታቸው ይወርዳሉ።

ሎሪስተን፦ እኔ እንኳ...

ኤግበርት፦ ጠየቅሁህ?

ሎሪስተን፦ አልጠየቅከኝም።

ኤግበርት፦ ዓሣዬን ይዛ የት ገባች?

ሎሪስተን፦ እኔ ቤት። ሚስቴ ፔርሊን ጠበሰችላት፤ ባሚ ጋገረችላት። «ይሄ ቂጣ ከምንድን ነው?» ብላ ጠይቃ ካሳቫ መፋቅ ተማረች። አሁን ዛፎቹ መሃል የመረብ አልጋው ላይ ተኝታለች።

ኤግበርት፦ (እየሳቀ) አየህ፣ የአንተና የእኔ ልዩነት እዚህ ጋ ነው። እኔ ከካናዳ እንግዳ አስመጣለሁ፤ አንተ በር በሌለው ቤት የኮረብታ ሰው ታስተኛለህ።

ሎሪስተን፦ መጋረጃ አለው።

ኤግበርት፦ መጋረጃ! በል ተነስ። እንለማመዳለን። አንተ እንግዳዋን ሁን፣ እኔ እኔን እሆናለሁ።

(ሎሪስተን የሐብሐቡን ልጣጭ እንደ ባርኔጣ ራሱ ላይ ደፍቶ ከደረጃው በታች ይቆማል።)

ኤግበርት፦ (በከፍተኛ ድምፅ) እንኳን ደህና መጡ! ቤቴ ቤትዎ ነው!

ሎሪስተን፦ ለምን ትጮሃለህ? እዚሁ ነኝ እኮ።

ኤግበርት፦ ጎረቤት እንዲሰማ ነው። በምስክር ፊት የተጋበዘ እንግዳ ይተማመናል፤ እሱም ስልጠናው ላይ አለ። ቀጥል።

ሎሪስተን፦ ስንት ቀን ልቆይ?

ኤግበርት፦ እስኪሰለችዎ!

ሎሪስተን፦ ካልሰለቸኝስ?

ኤግበርት፦ ዕድሜ ልክዎን!

ሎሪስተን፦ ማስ ኤግበርት፣ ይሄ አልበዛም?

ኤግበርት፦ አስተናጋጅ ቃሉን ካበዛው አይጎዳም፤ ካጠፈው ነው የሚጎዳው። ደግሞ ወሬ ሳታበዛ ሻንጣዋን ቀድመህ አስገባ። ሻንጣ ከገባ በኋላ ሐሳቡን የሚቀይር ሰው አላየሁም።

(ከመንገዱ የታክሲ ጥሩምባ ይሰማል። አቧራው በረንዳውን ይሸፍናል። ኤግበርት አንገቱን ያሰግጋል። በአቧራው ውስጥ ትልቅ ባርኔጣ፣ ጥቁር መነጽርና ጎማ ያለው ሻንጣ ይታየዋል። ባለባርኔጣዋ ዙሪያዋን አይታ በረጅሙ ትተነፍሳለች።)

ኤግበርት፦ አልኩህ! ልክ እንደ ስልጠናው!

ሎሪስተን፦ (ዓይኑን አጥብቦ ያያል) ማስ ኤግበርት፣ ያቺ እኮ...

ኤግበርት፦ ጠየቅሁህ?

ሎሪስተን፦ አልጠየቅከኝም።

ኤግበርት፦ ሻንጣውን!

(ሎሪስተን ትከሻውን ሰብቆ ሮጦ ሻንጣውን ይዞ ወደ አዲሷ ክፍል ይገባል። ኤግበርት የተበሳ እሸት ኮኮናት በሁለት እጁ ይዞ ደረጃውን ይወርዳል።)

ኤግበርት፦ እንኳን ደህና መጡ! ቤቴ ቤትዎ ነው! ይህችን ክፍል የሠራኋት ለእርስዎ ነው! እስኪሰለችዎ ይቆዩ! ካልሰለችዎ ዕድሜ ልክዎን! ማን ነው ከዚህ የሚያስወጣዎ? ማንም!

(ጎረቤቶች በየበራቸው ብቅ ብቅ ይላሉ። አንዳንዶቹ ያጨበጭባሉ። ባለባርኔጣዋ ጥቁር መነጽሯን ታወልቃለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ኤግበርት ድምፅ ከመስማቱ በፊት ሽታውን ያውቀዋል፤ የካምፎር ቅባት ሽታ። ክር የታሰረበትን መነጽር ከኪሱ አውጥቶ ያደርጋል።)

ሚስ ድሩሲላ፦ ኤግበርት፣ ልጄ።

ኤግበርት፦ ሚስ... ሚስ ድሩሲላ?

ሚስ ድሩሲላ፦ ቬሮና እስከ እሑድ ጠብቂ ብላኝ ነበር። እኔ ግን «ሰው ሳይፈልገኝ አልገባም፤ ቀድሜ ሄጄ ራሱን እጠይቀዋለሁ፤ ፊቱ ከጠቆረ በመጣሁበት ታክሲ እመለሳለሁ» ብዬ መጣሁ። አንተ ግን አፌን እንኳ ሳልከፍት መለስክልኝ። በሰው ሁሉ ፊት! (ወደ ሾፌሩ) ሂድልኝ የኔ ልጅ፣ አያስፈልግም!

(ታክሲው ይሄዳል። የኤግበርት ዓይን ከአቧራው ጋር አብሮ ይሄዳል።)

ኤግበርት፦ ሚስ ድሩሲላ፣ እንግዲህ... ደስታዬ ወሰን የለውም። ብቻ ለዛሬ አንዲት የካናዳ እንግዳ ክፍሉን ስለምትፈልገው... ሎሪ! ሎሪ፣ እንግዳዋ የት ቀረች?

ሎሪስተን፦ (ከክፍሉ እየወጣ) ጠየቅከኝ?

ኤግበርት፦ ጠየቅሁህ! ጠየቅሁህ! የፈለግከውን ሁሉ ተናገር!

ሎሪስተን፦ ተኝታለች አልኩህ እኮ።

ኤግበርት፦ የት?

ሎሪስተን፦ የመረብ አልጋው ላይ።

ኤግበርት፦ እሷ የኮረብታ ሰው አይደለችም?

ሎሪስተን፦ የኮረብታ ሰው ያልከው አንተ ነህ። እኔ ቀይ ናት፣ ጠቃጠቆ አላት ነው ያልኩት። ከካናዳ ነኝ አለችን። ዓሣውን በልታ ስትጨርስ «ኤግበርት የሚባል ሰው ቤት የት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ በጣቴ አሳየኋት። በረንዳው ላይ ወንበር ተሸክሞ ለብቻው የሚጮህ ሰው አየችና «እስቲ ትንሽ ልተኛ» አለች።

ኤግበርት፦ ቀስቅሳት! ክፍሉን አሳያት!

ሎሪስተን፦ ፔርሊን ጠይቃታለች። ወሩን ሙሉ እኛ ጋ ነኝ ብላለች። ነገ ጠዋትም ገመድ ትጎትታለች፤ ለመዳፏ ጨርቅ አዘጋጅታለች።

ኤግበርት፦ ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?!

ሎሪስተን፦ ስንት ጊዜ ጀመርኩ! አንተ ስልጠና ወስደሃል፣ ማስ ኤግበርት፤ እኔ የወሰድኩት ሐብሐብ ነው።

(ሚስ ድሩሲላ ደረጃውን ወጥተው ኮኮናታቸውን እየጠጡ ወንበሩን በትኩረት ያዩታል።)

ሚስ ድሩሲላ፦ ኤግበርት፣ ይሄን ወንበር ማን ነው ጀርባውን ለሰው ያሰጠው? ወደ መንገዱ አዙርልኝ። ባሕሩ እንደሆነ የትም አይሄድም።

(ኤግበርት ወንበሩን ያዞራል። ሎሪስተንን አያየውም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠጋዋል።)

ኤግበርት፦ ሎሪ... እናንተ ጋ ከአንዱ ዛፍ እስከ ሌላው ለእኔም ሁለተኛ የመረብ አልጋ ቢሰቀል ቦታው ይበቃል?

ሎሪስተን፦ ይበቃል።

ኤግበርት፦ እራትስ? ከዚያ ዓሣ የተረፈ አለ?

ሎሪስተን፦ ጭንቅላቱ አለ። (የአጎቱን ልጅ እጅ አንስቶ ያሸትተዋል፤ አሁንም ሳሙና ነው፤ ራሱን ይነቀንቃል) ግን ደንቡን ታውቀዋለህ፣ ማስ ኤግበርት። መጀመሪያ ገመዱን።