የጋራ ግድግዳችን

ቤት ሊገዛ የመጣ ሰው ሚስት ሊያጭ ከመጣ ይብሳል። የሚያጨው እንኳ አይኑን ሰበር ያደርጋል፤ ቤት ገዢ ግን ምሰሶውን ይገፋል፣ ቆርቆሮውን አንጋጦ ያያል፣ ጓዳ ድረስ ዘልቆ ያሸታል። እናንተ በገዛ ቤታችሁ እንደ እንግዳ ቆማችሁ «ይግቡ፣ ይዩት» ትላላችሁ። እኔ ይህን ያየሁት በጣሊያን ጊዜ ነው፤ የዚያን ጊዜ ድንጋጤዬን እስከ ዛሬ ደንግጬ አልጨረስኩትም።

ቤታችን ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነበር። ከጎረቤታችን ከሽብሩ የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ባለቤቴ ተሰማ ጠመንጃውን ለጣሊያን ላለማስረከብ እዚያው ግድግዳ ውስጥ ከትቶ መርጎበታል። ከተገኘ ስቅላት ነው። ታዲያ ሽብሩ ልብስ ሰፊ ነውና፣ ጣሊያን ለሹሞቹ ቤት ወደሚሠራበት ወደ ካዛንቺስ እየተመላለሰ የወታደር ካኪ መስፋት አልጀመረም መሰላችሁ! ሰፈሩ ባንዳ ብሎ ሰየመው፤ እኛም ሰላምታ ነሳነው። ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል፤ የኛ ግድግዳ ጆሮ ደግሞ የባንዳ ሆነ። እንቅልፍ ብናጣ ቤቱን ሸጠን፣ ጠመንጃችንን ይዘን ልንጠፋ ቆረጥን።

ገዢው አቶ ደገፋ የሚባሉ የጨው ነጋዴ ናቸው። ግድግዳውን በከዘራቸው መታ መታ እያደረጉ ዞሩ። ያ ቦታ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ደገሙት።

«እዚህ ጋ ባዶ ነው፣ ምስጥ በልቶታል። ፈርሶ ካልተመረገ አልገዛም» አሉ። ሠራተኛም እልካለሁ ሲሉ ተሰማ ቶሎ ብሎ፣ መጠገን የሻጭ ነው፣ እኔው አደርገዋለሁ ብሎ ገላገለን።

በማግስቱ ሽብሩ ሥራ ሄዷል ብለን በራችንን ዘግተን ማፍረስ ያዝን። ጠመንጃችን በአሮጌ ነጠላዬ እንደተጠቀለለ ወጣ። ተመስገን ልል ስል ተሰማ እጁን መልሶ ሰደደና ሌላ ጠመንጃ አወጣ። እኛ ያላስቀመጥነው! የተጠቀለለበት ደግሞ ካኪ ነው፣ ያ የጣሊያን ካኪ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔስ ጭቃው ላይ ዘጭ አልኩ። ወዲያው በቀዳዳው ከወዲያ በኩል አንድ ዓይን ብቅ አለ። ለካ ሥራ አልሄደም።

«ተሰማ» አለ ሽብሩ፣ «የልጆቼን አባት አታስገድል።»

ተሰማ የራሱን ጠመንጃ አንስቶ በቀዳዳው አሳየው።

ጉድ እኮ ነው! እኛ ጠርጥረነው ሰላምታ ነሳነው፤ እሱ ሰላምታ ስንነሳው ባንዳ ቢሆኑ ነው ብሎ እኛን ጠረጠረ። ሁለቱ ወንዶች እያለቀሱ ይሁን እየሳቁ ሳይለይላቸው ጭቃ በጭድ አቦኩና ሁለቱንም ጠመንጃ ባንድ ላይ መልሰው መረጉበት።

እንዲህ ያለ ጎረቤት ትቶ ማን ይሄዳል? ግን ቃል ሰጥተናል፤ ሻጭ ቃሉን ሲያጥፍ ነውር ነው። በዚህ መሃል አቶ ደገፋ መጡ። ግድግዳውን መታ መታ አድርገው፣ አሁን ቤት ሆነ ብለው አመሰገኑ። ቀጥለው ግን ዋናውን ጠየቁ፤ «ለመሆኑ ጎረቤትዎ እንዴት ያሉ ሰው ናቸው?»

ተሰማ አንገቱን ደፋ። ባንዳ ነው ብሎ ሽብሩን ሊያማው አልቻለም።

«ጎረቤቱ እኔ ነኝ» አለ ሽብሩ፣ እጁን ከነጭቃው ዘርግቶ። «ባንዳ ነኝ። ካላመኑ ሰፈሩን ይጠይቁ።»

ጠየቁ። ሰፈሩ መች አሳፈረን፤ አንድ ሳይቀር መሰከረበት። አቶ ደገፋም በዚያው ቀሩ። እኛም ምስጢሩ እንዳይወጣ ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ ሽብሩን ደጅ ስናገኘው ፊታችንን እናዞርበት ነበር። ጠዋት ጠዋት ግን እንደምን አደርክ ለማለት ግድግዳውን ኳ ኳ አደርጋለሁ፤ ከወዲያ ኳ ኳ ብሎ እግዚአብሔር ይመስገን ይለኛል።