ክብሪት ሲጠየቅ ጎጆዋ ውስጥ ነበርኩ

ዛሬ ከነነፍሴ ልቃጠል ነበር! ያውም በገዛ እጄ በከደንኩት ጎጆ ውስጥ።

እየሳቃችሁ ከሆነ ቆዩ።

እንደምታውቁት መንዝ ፊልም እየቀረጽን ነው። እኔ አርት ዳይሬክተር ነኝ። ቤቱ፣ አጥሩ፣ እንስራው፣ ካሜራ የሚያየው ዕቃ ሁሉ የእኔ ጣጣ ነው ማለት ነው። የመጀመሪያ ሥራዬ ነው፤ ያገኘሁትም "የሞላሌ ልጅ ነኝ፣ አገሩን አውቀዋለሁ!" ብዬ ደረቴን ነፍቼ።

ጓሳ ሜዳ ላይ አንዲት ጎጆ ሠራን። ለጣሪያዋ ሳር ያስፈልጋል። ሳሩ ደግሞ ዓይኔ ሥር ይወዛወዛል!

ችግሩ፣ ጓሳ ዝግ ነው። አገሬው ሳሩ እንዲያድግ ዘግቶት ዓመታት ይጠብቃል፤ መክሮ በጋራ ይከፍተዋል። እስከዚያ ማጭድ ይዞ መግባት ነውር ነው። ይህን የማያውቅ የመንዝ ልጅ የለም።

አውቅ ነበር።

ግን ካሜራው የሚያየው የፊት ለፊቱን ብቻ ነው፤ ከኋላ ሸራ ነው። ለግማሽ ጣሪያ ማን ይጠይቀኛል? አጨድኩ፣ ከደንኩ፣ ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩላችሁ። ላይክ አድርጋችኋል፤ ተባባሪዎቼ ናችሁ!

ዛሬ ጠዋት ጉሙ ሲገፈፍ ፈረሰኞች ብቅ አሉ። ጋቢ የለበሱ፣ ዱላ የያዙ። ድምፅ የሚቀዳው ልጅ ሄድፎኑን አውልቆ "እነማን ናቸው?" አለ።

እኔማ ገብቶኛል። የጓሳ ጠባቂዎች ናቸው። ሮጬ ጎጆዋ ውስጥ ተደበቅኩ።

የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ከውጭ መጣ፦ "ይኼን ሳር ማነው ያጨደው?"

አቤት የፊልም ሰው!

"እኔ መብራት ነኝ።"

"እኔ ካሜራ ነኝ።"

"እኔ ሜካፕ ነኝ፤ ፊት ብቻ ነው የምነካው።"

ትናንት "ሁሉም ነገር በእኔ በኩል ያልፋል" ሲል የዋለው ዳይሬክተራችን "እኔ አክሽንና ከት ከማለት ውጪ የማውቀው የለም" አለ!

"እንግዲያው ባለቤት የለውም" አሉ ሽማግሌው። "በተዘጋ ጓሳ የተከደነ ቤት በአባቶቻችን ፍርድ ይቃጠላል። ክብሪት ያለው?"

የመብራቱ ሰውዬ ላይተሩን አቀበላቸው። ስምህን አልጠራም። በቀዳዳው ግን አይቼሃለሁ!

ብወጣ ውርደት ነው፣ ሥራዬም ያበቃል። ብቀር መጠበስ ነው። ዳዊት ልደግም ሞከርኩ፤ ከመጀመሪያው መስመር አላለፈልኝም።

"ሰው አለ! አለሁ!" ብዬ በባዶ እግሬ ወጣሁ።

ሽማግሌው ላይተሩን አልለኮሱትም። "መውጣትሽን ስንጠብቅ ነበር" አሉና በዱላቸው ወደ በሩ አመለከቱ።

ነጩ ስኒከሬ!

ወለሉ አዲስ ልስን ስለሆነ "በጫማ የገባ ወዮለት" ያልኩት ራሴ ነኝ። ነፍሴን ላድን ስሮጥ እንኳ አውልቄ ነው የገባሁት። የራሴን ሕግስ አክባሪ ነኝ፤ የጣስኩት የአገሩን ነው!

ሽማግሌው አፈጠጡብኝ። "አንቺ የመርጌታ ልጅ አይደለሽም እንዴ?"

ጉዴ ፈላ። አባቴ ሞላሌ የደብር መርጌታ ነው።

"ደውይለት።"

"ኔትወርክ የለም" አልኩ፣ ፈጣሪን እያመሰገንኩ።

"እዚያ ጉብታ ላይ ይሠራል።"

ሠራ።

አባቴ እስክጨርስ ሰማኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ክረምቱን ሙሉ መቅደሱ ሲያፈስ ታስታውሻለሽ?" አለኝ። "ጣሪያውን ለመክደን ጓሳ እስኪከፈት ጠበቅን። ታቦት የታገሠውን አንቺ ለቪዲዮ?"

አለቀስኩ። እውነቴን ነው።

ጣሪያውን በእጄ አፍርሼ፣ ሳሩን ተሸክሜ ለሽማግሌው አስረከብኩ። ዳይሬክተሩ አላባረረኝም፤ "ነገ ግን ጣሪያ እፈልጋለሁ" ብሏል። ፊልሙ የጥንት ነው፣ ቆርቆሮ አይሆንም። ሐሳብ ያላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። "ሳር" ያለ ብሎክ ነው!

ፍርዱ ግን አላለቀም። ሽማግሌው እንደወሰኑት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ አባቴ ፊት ቆሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከአሁኑ እንቅልፍ የለኝም።

እስቲ ፍረዱኝ፤ ጎጆዋ ውስጥ ብቀር አይሻለኝም ነበር?