የእትዬ ይርጋነሽ በገና

ከሰው ይልቅ ለዕቃ የሚራራ አስተማሪ የሌለበት ከተማ የለም። የእኛ የብቸናዎቹ እትዬ ይርጋነሽ ናቸው፤ የበገና መምህር፣ በእኔ አጠራር ደግሞ ክብርት የዐሥሩ አውታር ጠቅላይ አዛዥ።

እሳቸው ዘንድ የተመዘገበ ልጅ የመጀመሪያውን ወር አይደረድርም፤ ይወለውላል። «መጀመሪያ እጅ» ይላሉ በሩ ላይ ቆመው። ቅባት የነካ ጣት የበገናውን ጅማት ያበላሻል ባይ ናቸው። በገና ግድግዳ ላይ አይደገፍም፣ ፀሐይ አይመታውም፣ ምድጃ አጠገብ አያድርም። ልጄ ወይንእሸት ይህን ሕግ ከማባዛት ሠንጠረዥ አስቀድማ በቃሏ ይዛዋለች።

አንድ ጊዜ ከሞጣ አብረን ስንመለስ የመኪናው ረዳት በገናቸውን ፖርቶ መጋላ ላይ ሊጭን አነሣው። እትዬ ይርጋነሽ ነጠላቸውን አደግድገው መሰላሉን ያዙ፤ እሱ ከሚወጣ እኔ ልውጣ ማለታቸው ነው። በገናው ጋቢና ገባ። ቦታውን የለቀቅኩለት እኔ እስከ ብቸና በሁለት የጤፍ ጆንያ መካከል ተጣጥፌ መጣሁ።

እንግዲህ ልጄ ባለፈው ዐቢይ ጾም የሰበረችው የእኚህን ሴት በገና ነው። ለልምምድ አውሰዋት ነበር። ደጃፋችን ላይ አዳልጧት ወደቀችና የበገናው አንደኛው ምሰሶ እስከ መሃሉ ተሰነጠቀ። በገናውን በጋቢ ጠቅልላ አልጋ ሥር ደበቀችው፤ ራሴን አመመኝ እያለችም ከትምህርቱ ቀረች። በሦስተኛው ቀን እናቷ ቤት ስትጠርግ አገኘችው። ይዤያት እንድሄድ ተፈረደብኝ። እውነቱን ለመናገር፣ መንገድ ላይ ከእሷ ይልቅ የፈራሁት እኔ ነበርኩ።

እትዬ ይርጋነሽ ጋቢውን ገልጠው ስንጥቁን አዩና መልሰው ሸፈኑት። ከዚያ የልጅቷን እጅጌ ሰብስበው ክርኗን አገላብጠው ተመለከቱ። እኔ አባቷ ሦስት ቀን ሙሉ ያላየሁት ቁስል እዚያ ነበር።

«የት ከርመሽ ነው?» አሏት። «እኔ እኮ ታመሽ መስሎኝ ሰው ልልክ ነበር።»

ወይንእሸት ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። እስኪወጣላት ጠበቋትና፣ ልጅ ሳሉ መርጡለ ማርያም የመምህራቸውን በገና እንደ ሰበሩ፣ ፈርተውም ሳይመለሱ እንደ ቀሩ ነገሯት። መምህሩ በዓመቱ ዐረፉ።

«ይቆጡኝ ነበር ይሆን? እስከ ዛሬ አላውቅም» አሉ።

ወዲያው ሥራ ተጀመረ። ስንጥቁን በማጣበቂያ ሞልተው እርጥብ የቆዳ ጠፈር ሰጧትና፣ ቆዳው ሲደርቅ እንጨቱን ጥብቅ አድርጎ እንደሚይዝ እያስረዱ ራሷ እንድትጠመጥመው አደረጉ። ሲላላባት አስፈቷት። አሁንም ላላ፤ አሁንም አስፈቷት። እኔ ላግዝ ብዬ እጄን ብዘረጋ በዓይናቸው መለሱኝ።

ስንወጣ ወደ ጎን ጠሩኝ። «ልጅ የደበቀችው ነገር ሲኖር ፊቷ ላይ ይታያል። አንተ ምን ስታይ ነበር?»

የአርባ ሦስት ዓመት ሰው፣ የቢሮ ኃላፊ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ወለል ወለሉን አየሁ።

አሁን ከሥራ ስገባ፣ ሬዲዮ ከመክፈቴ በፊት የልጄን ፊት አያለሁ። እትዬ ይርጋነሽ መንገድ ላይ ቢጠይቁኝ የምመልሰው ይኑረኝ ብዬ ነው።