በጋሻው እግር ተተክተን

በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል። ሰው ይህን ሲሰማ በበቅሎዋ ይስቃል። እኔ ግን መሥሪያ ቤት ከገባሁ ወዲህ መሳቁን ትቻለሁ። አንድ ጉዳት ደርሶ «ኃላፊው ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ከጥበቃው እስከ ሥራ አስኪያጁ ሁላችንም የምንመልሰው ስለ እናታችን ነውና። አባት የሚፈለገው ወጪ ሲመጣ ነው፤ አባት ፍለጋ የሚላከው ደግሞ የሕግ ባለሙያው። ቢቸና ባለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ያ ሰው እኔ ነኝ።

ጋሻው የፋብሪካችን ጫኝና አውራጅ ነው። አንድ የገበያ ቀን ሞጣ ላይ ዱቄት ሲያወርድ፣ ሐጂ ይመር ከሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ሱቅ ደጃፍ ከታሰረች በቅሎ ኋላ ያልፋል። ምን እንዳስቆጣት እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ በእርግጫ አለችው። ጉልበቱ ተሰበረ። «ከሹም ፊት፣ ከበቅሎ ኋላ አይቆሙም» ይላሉ አበው። አበው ደመወዝተኛ አልነበሩም። ከሹም ፊት መቆም የኔ የዕለት ሥራ ነው፤ ከበቅሎዋ ኋላ ያለው ተራ ለጋሻው ደረሰው።

ፋብሪካው እንደ ሕጉ አሳከመው፣ ካሳም ከፈለው። ሐኪሙ ግን «ከእንግዲህ ሸክም የለም» አለ። ጋሻው ከሸክም ሌላ የሚያውቀው ሙያ የለም፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ግድግዳ ግድግዳውን ማየት ጀመረ። በዚህ መሀል ሥራ አስኪያጃችን አቶ ምናላቸው አስጠሩኝ።

«የመታችው የኛ በቅሎ ናት?»

«አይደለችም።»

«ታዲያ እኛ ለምን ከፍለን እንቀራለን? ሂድና ከባለቤቷ አስመልስ።»

እንዳትስቁባቸው፤ ሕጉ ከርሳቸው ጋር ነው። አሠሪ ለተጎዳ ሠራተኛው ከከፈለ በኋላ ዞሮ ጉዳት አድራሹን መጠየቅ ይችላል። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ሞጣ ገባሁ።

ሐጂ ይመር ወንበር ሰጥተው፣ ሻይ አዝዘው፣ የቤተሰቤን ጤና አንድ በአንድ ጠይቀው ሲያበቁ ነው ጉዳዬን ያዳመጡኝ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ጋሻውን ቢቸና ድረስ ሄጄ ጠይቄዋለሁ። ሽማግሌ ይዤ ይቅርታ ለምኜዋለሁ። እሱም ይቅር ብሎ፣ ማር አስልሶ ሸኝቶኛል። እናንተን ደግሞ ምን አደረግኳችሁ?»

«ሐጂ፣ ፋብሪካው ካሳውን ስለከፈለ በጋሻው እግር ተተክቷል።»

ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«በተሰበረው ነው ወይስ በደኅናው?»

ሕግ ስማር ይህን የጠየቀኝ መምህር አልነበረም። «በሁለቱም» አልኳቸው፤ ሌላ ምን እላለሁ?

እስከ ነገ እንድታገሣቸው ለመኑኝና አልጋ ይዤ አደርኩ። ጠዋት ስመለስ በቅሎዋ ከሱቁ ደጃፍ ቆማለች፤ ሐጂ ገመዷን ይዘዋል።

«ጎረቤቴ ጠበቃ ነው። የእንስሳ ባለቤት ራሱ ካላጠፋ በቀር እንስሳውን አስረክቦ ነፃ ይወጣል አለኝ። ውሸቱን ነው?»

ውሸቱን አይደለም። አንቀጹን አንብቤዋለሁ፤ በአራት እግሩ ቆሞ ይጠብቀኛል ብዬ ግን አልገመትኩም።

«እኔ ምቺው ብዬ አላዘዝኳትም» አሉና አንገቷን ዳበሱ። ስንት የመርጡለ ማርያም መንገድ አብረው ተጉዘዋል። ገመዱን ሲሰጡኝ ፊታቸውን ወደ ሱቁ አዞሩ። እኔም ክሱን ትቼ ገመዱን ተቀበልኩ።

ዱቄት አራግፎ በሚመለሰው አይሱዙ ላይ ጭነናት ቢቸና ገባን። አቶ ምናላቸው ግቢ ውስጥ ነበሩ።

«አስመለስክ?»

«አስመልሻለሁ» አልኩና የመኪናውን ጀርባ አሳየኋቸው። በቅሎዋ እሳቸውን፣ እሳቸውም በቅሎዋን ሲያዩ ቆዩ።

የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ወጥታ «አላቂ ዕቃ ናት ቋሚ ንብረት?» ብላ ጠየቀች። ቋሚ ተባለች። ቋሚ ንብረት መለያ ቁጥር ይለጠፍበታል፤ ለጣፊ ግን ጠፋ። ትሸጥ ተባለ፤ ጨረታው ወጣ፣ ተጫራች አልመጣም። የጋሻውን ጉልበት ያልሰማ የቢቸና ሰው የለማ። እሷ ግን በፋብሪካው ፉርሽካ አንገቷ ወፈረ፣ ጠጉሯ አበራ። ውኃ የሚያቀርብላት ጥበቃ ባልዲውን በረጅም እንጨት እየገፋ ነው።

አንድ ቀን ጋሻው በምርኩዝ እያነከሰ መጣ። ማንም ሳይከለክለው በፊት ለፊቷ ቀርቦ ግንባሯን አሸት አሸት አደረገላት። ጆሮዋን ጣለችለት።

«እኔ ልያዛት?» አለ።

«አትፈራትም?» አሉት አቶ ምናላቸው።

«እኔ እንኳን ሥራ ማጣቱን ነው የፈራሁት።»

በቅሎ ጠባቂ የሚባል መደብ በመዋቅራችን የለም። ሆኖም በማግስቱ ጋሻው ሥራ ጀመረ፤ በምን መደብ እንደተቀጠረ አትጠይቁኝ። ፉርሽካውን በሷ እያስጫነ ለየደንበኛው ያደርሳል፤ እግሩን ሲያመው ደግሞ እሷው ላይ ወጥቶ ቤቱ ይገባል። ጓደኞቹ ኩንታል ተሸክመው ቆመው ያሳልፉታል።

እኔም ጉዳዩ ተዘጋ ብዬ ተኛሁ። አቶ ምናላቸው ግን እንደገና አስጠሩኝ። በመስኮት ወደ በቅሎዋ እያዩ ነበር።

«ይቺ አሁን ሌላ ሠራተኛ ብትመታ ካሳ እንከፍላለን?»

«እንከፍላለን።»

«ከፍለንስ፣ ማንን እንጠይቃለን?»

«ባለቤቷን።»

«ማለትም?»

«ራሳችንን።»

አቶ ምናላቸው እፎይ ብለው ወንበራቸውን ተደገፉ።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ያንን ክስ እንኳ አንሸነፍም።»