ሰላምታ የሌለበት ገዳም

ጠጋ በሉ እስኪ፣ ሐምሌ ነው፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ከእሳት ርቆ ለተቀመጠ አያዝንም። ለመሆኑ ባል አኩርፎባችሁ ያውቃል? የእኔው ተሰማ በደርግ ጊዜ አኩርፎ የካቶሊኮቹ ገዳም ገብቶብኛል።

ነገሩ የመጣው በበግ ነው። ለፋሲካ ያሰባሁትን ሙክት፣ የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ለዘማች መዋጮ ሰጠው። እኔን መቼ አማከረኝ? ከሴቶቹ መካከል ብድግ አልኩና፣ ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሄ ሰው ነገ እኔንም ያዋጣኛል፣ ከወዲሁ ይታወቅልኝ አልኩ። ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ። ሊቀመንበሩ እንኳ አፉን በባርኔጣው ሸፍኖ ነው የሳቀው። ተሰማ በማግስቱ ጋቢውን ደርቦ ውልቅ።

ጎረቤቴ እትዬ በላይነሽ መጣችና፣ ባልሽን ገዳም አይተውታል፣ ሳይመነኩስ አይቀርም አለችኝ። ማጽናናቷ ነው። ስትወጣ አለቀስኩ። ሁለት ልጅና ያልታረሰ የበልግ ማሳ ይዤ፣ ባሌ ቢመነኩስ ምን ይውጠኛል?

ዳቦ ቋጥሬ ሄድኩ። እዚያ ለጸሎት የመጣን ሰው፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ሃይማኖቱን ሳይጠይቁ ነው የሚቀበሉት። በረኛው ከደጁ አልነበረም። አንድ ነጭ የለበሱ ሽማግሌ አባ እጄን አስታጥበው ከገበታ አስቀመጡኝ። ቀና ብል ተሰማ ፊት ለፊቴ ንፍሮውን ይዝቃል። እንደምን ዋላችሁ አልኩ። ማንም አልመለሰልኝም። እንግዳውም መነኩሴውም አንገቱን ደፍቶ ይበላል።

እናንተዬ፣ በእኛ አገር የሰው ደኅንነት፣ የከብት ደኅንነት ሳይጠያየቅ እህል የሚቀምስ፣ የተጣላ ካልሆነ ማን አለ? በቃ፣ ገዳሙ በሙሉ ተኳርፏል አልኩ። ተሰማ ቢጤዎቹን አግኝቶ ነው ለካ!

ታዲያ የተጣላ እያዩ ዝም ይባላል? ተነሣሁ። አባን በእጃቸው ይዤ ከገበታው ከተቀመጡ፣ የአዲስ አበባ ሰው ከሚመስሉ ወፍራም እንግዳ ፊት አቆምኳቸውና፣ በሞቴ ተሳሙ አልኩ። ተሳሙ። ቀጥዬ ሁለት ጎረምሳ መነኮሳት አስታረቅኩ። ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅ ግን የለም። ይሄኔ በረኛው ደረሰና ወደ ውጭ ጎትቶ፣ እትዬ፣ የተጣላ የለም፣ ሱባኤ ይዘው ነው፣ እስከ እሑድ ማንም አይናገርም አለኝ።

ባልሽ እስከ እሑድ አይመልስልሽም ማለቱ እኮ ነው። እንዲህ ያለ ቀን በትዳር ስንት ጊዜ ይገኛል?

ከደጅ ደህና ድንጋይ መርጬ ተመለስኩና ከተሰማ እግር ሥር አኖርኩት። የበደለ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ መጠየቁ የአገር ወግ ነው። እኔ በሙክቱ ጀምሬ የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩት። ሌላ ጊዜ ቢሆን፣ ያዋረድሽኝ አንቺ፣ የምሸከመው እኔ ብሎ ጣራውን ይነቅለው ነበር። አሁን ምን አፍ አለው? አባን አየ። አባ ድንጋዩን አዩ። ጎንበስ ብሎ ተሸከመው። ትንሽ አቆየሁትና፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ብዬ አወረድኩለት።

ወደ ልጆቼ ተመልሼ እሑድ ልወስደው ሄድኩ። አፉ ሲፈታ የመጀመሪያ ቃሉ፣ የገብሱን ዘር አበጠርሽው ወይ የሚል ነበር። ታርቋል ማለት ነው። አብረን ገባን፣ በልጉም ታረሰ።

አባ አርፈው እዚያው ተቀብረዋል። ሊቀመንበሩ ደርግ ሲወድቅ ደብረ ብርሃን ገብቶ ብርድ ልብስ ነጋዴ ሆነ። እትዬ በላይነሽ ያን ገዳም ሞክራው ነበር፤ በማግስቱ ተመለሰች። ተሰማ አለ፣ አርጅቷል። ሁዳዴ በመጣ ቁጥር ሱባኤ ልግባ ይላል። አብሬህ ልምጣ ስለው ይተወዋል።